ከፎርማት በፊት ሰዓቱን እዩት

የፈለግኩት ትንሽ ነገር ነበር። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ማንም ሳይነካው ራሱ እንዲበራ። ባዮስ ውስጥ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው መሠረታዊ ፕሮግራም ነው) ለዚህ የተሠራ ምርጫ አለ፤ መብራት ሲመለስ ጠፍቼ ልቆይ፣ ልብራ ወይስ እንደነበርኩት ልሁን ብሎ ይጠይቃችኋል። «ልብራ» የሚለውን መረጥኩ፣ ሴቭ አድርጌ ወጣሁ። በማግስቱ ጠዋት ስገባ ኮምፒውተሩ ድርቅ ብሎ ተቀምጧል። ባዮስ ውስጥ ገብቼ ሳየው ምርጫው ወደ ድሮው ተመልሷል። ደግሜ አስተካከልኩት። በማግስቱም ያው። ለመብራት መጥፋት ብዬ ያስተካከልኩት ነገር መብራት በጠፋ ቁጥር አብሮ ይጠፋል!

እንዲህ እያልኩ ሁለት ወር ገደማ ከረምኩ። በመሃል ኮምፒውተሩ በከንቱ ፎርማት ተደርጓል፣ ፋይል ጠፍቷል፣ ሁለት ጊዜ ባትሪ ተገዝቷል፣ ሲፒዩውን ታቅፌ ታክሲ ተሳፍሬያለሁ። (ባለሙያዎች ይቅር በሉኝና ሲፒዩ የምለው ሳጥኑን ነው፤ ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንለው።) እናንተም እንደኔ እንዳትንከራተቱ ከነጥፋቴ ልንገራችሁ።

አራት ኪሎ፣ ወደ አምስት ኪሎ በሚወጣው መንገድ ላይ፣ ትንሽዬ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ሁለት ኮምፒውተር፣ አንድ ትልቅ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ጥራዝ ማሽን። ደንበኞቼ ባብዛኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው፤ አሳይመንት፣ ሲቪ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ። ከሁለቱ ኮምፒውተሮች ዋናው ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ነው። ፕሪንተሩም የጋራ ፎልደሩም እሱ ላይ ስለሆነ እሱ ካልተነሳ ቤቱ አይነሳም።

ማታ ስንዘጋ ዲቫይደሩን አጥፍተን ነው የምንሄደው። አንዴ ሌሊት መብራት ሄዶ ሲመጣ ከነጉልበቱ መጥቶ ፓወር ሰፕላይ አቃጥሎብን ያውቃል፣ ከዚያ ወዲህ ዲቫይደር ማጥፋት እንደ በር መቆለፍ ሆኗል። ጠዋት አብራኝ የምትሠራው ልጅ ትገባለች፣ ዲቫይደሩን ታበራለች፣ መጥረግ ትጀምራለች። እሷ ጠርጋ እስክትጨርስ ኮምፒውተሩ ተነስቶ ቢጠብቃት ብዬ ነው ያን ምርጫ የፈለግኩት። ይህን የዲቫይደር ነገር ያዙልኝ፣ የችግሩ ቁልፍ እሱ ነው።

መጀመሪያ ያየሁት ምልክት የሰዓት ነበር፤ ግን ማን ልብ ይላል? ለተወሰነ ጊዜ የኮምፒውተሩ ሰዓት ወደኋላ ይቀር ነበር። ማታ የዘጋንበት ሰዓት ላይ ቆሞ ያድራል ማለት ይቻላል። ልጅቷ ታስተካክለዋለች፣ ውሎ አድሮ እንደገና ይቀራል። ኢንተርኔት ሲገባ ደግሞ አንዳንዴ ዊንዶውስ ራሱ ስለሚያስተካክለው ነገሩ ይሸፈናል። ከዚያ አንድ ቀን ጭራሽ ወደ 1/1/2012 ተመለሰ። ሰዓቱ ደግሞ 12:04።

እዚህ ላይ የኛ አገር ነገር ገባበት። ሌላ አገር ቢሆን 2012 ሲያዩ ወዲያው «ኧረ ይሄ ስህተት ነው» ይላሉ። እኛ ቤት ግን ልጅቷ ያየችው «መስከረም 1 ቀን 2012፣ ጠዋት 12 ሰዓት ከ4» ነው። ማን እንደሆነ እንጃ በኢትዮጵያ አቆጣጠር አድርጎት፣ ሰዓቱ ደግሞ ሁለት ሰዓት ያህል የቀረ መሰላት፤ ሱቅ የምንከፍተው ሁለት ሰዓት ላይ ነዋ። በእውነቱ ግን ማሽኑ የቆመው በፈረንጅ ጃንዋሪ 1፣ ከእኩለ ሌሊት 4 ደቂቃ አልፎ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኮምፒውተሬ በየማለዳው እንቁጣጣሽን ያከብር ነበር።

አንድ ሽማግሌ ማመልከቻ አስጽፈው ከሄዱ በኋላ ተመልሰው መጡ። ወረቀቱን ዘረጉና «ልጄ፣ እኔ በ2012 መስከረም ምን ብዬ አመለከትኩ?» አሉኝ። ቀኑን ዎርድ ራሱ ነው ያስገባው። ይቅርታ ጠይቄ በነፃ ደግሜ አተምኩላቸው፤ ልጅቷም «በቃ አስተካክለዋለሁ» ብላ ዓመቱን 2017 አድርጋ ሞላችው።

አሁን ደግሞ ሌላ መዘዝ መጣ። ተማሪዎች ኢሜይላቸውን ከፍተው ፋይል ሊያወርዱ ሲሉ ብራውዘሩ እምቢ አለ። «ሰዓትዎ ወደኋላ ቀርቷል» የሚል ቀይ ምልክት ያለው ገጽ ያወጣል። ድረ ገጾች የሚሰጡት የደህንነት ሰርተፍኬት መጀመሪያና ማብቂያ ቀን አለው፤ የኮምፒውተሩ ቀን ከዚያ ውጪ ከሆነ ብራውዘሩ አላምንም ይላል። የኛ 2017 ለብራውዘሩ የፈረንጅ 2017 ነው፣ ስንት ዓመት ያለፈበት። ስለዚህ ኮምፒውተር ላይ ቀን ስትሞሉ የፈረንጁን ሙሉ። ሰዓቱንም እንደዚሁ፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሆነ 14:00 ነው። ቀላል ይመስላል፣ ግን በዚህች ብቻ ግማሽ ቀን ኢንተርኔቱን ስንወቅስ ዋልን።

ከዚያ ትልቁ ቀን መጣ። ጠዋት ሲከፈት ጥቁር ስክሪን ላይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ፤ «ሲሞስ ቼክሰም ኤረር» የሚል፣ ለመቀጠል ኤፍ1 ተጫኑ የሚል። ልጅቷ ኤፍ1 ተጫነች። ዊንዶውስ ሊነሳ ሞከረና ሰማያዊ ስክሪን ሆነ። ሪስታርት፣ ሰማያዊ። እንደገና፣ ሰማያዊ። የመመረቂያ ጽሑፍ ማስገቢያ ሰሞን ነው፣ በር ላይ ስድስት ተማሪ ፍላሽ ይዞ ቆሟል።

ጥገና ቤት ወሰድኩት። የት እንደሆነ አልናገርም፣ ለሐሜት አይደለም የምጽፈው። ልጁ ከፍቶ ሰማያዊውን አየና «እህቴ፣ ዊንዶውሱ ተበላሽቷል፣ ፎርማት ነው» አለኝ። ፋይሌስ ስለው «ዴስክቶፕ ላይ ያለው ይሄዳል» አለ። የሁለት ዓመት የሲቪ ፎርም፣ የውል ናሙና፣ የደንበኛ ፋይል ሁሉ ዴስክቶፕ ላይ ነበር። ተማሪዎቹን እያሰብኩ እሺ አልኩ። ማታ ወሰድኩት፣ ተነሳ። ደስ አለኝ!

በኋላ የገባኝን አሁን ልንገራችሁ፣ ብዙ ሰው የሚበላው እዚህ ጋ ስለሆነ። ባዮስ ውስጥ ሃርድ ዲስኩ ከማዘርቦርዱ (ሁሉ ዕቃ ከሚሰካበት ዋና ሰሌዳ) ጋር በየትኛው መንገድ እንደሚነጋገር የሚወስን ምርጫ አለ። የሳታ ሞድ ይባላል፤ ኤኤችሲአይ፣ ሬይድ ወይም አይዲኢ ይሆናል። ዊንዶውስ ሲጫን ባንዱ ከተጫነ ያንኑ ይጠብቃል። የኔ ኮምፒውተር ኤስኤስዲ (አዲሱ ዓይነት ፈጣን ዲስክ) ሲገባለት በኤኤችሲአይ ነበር የተጫነው። ባዮሱ ሁሉን ረስቶ ወደ ፋብሪካው ሲመለስ ግን ሞዱ ወደ ሬይድ ዞረ። ዊንዶውሱ ዲስኩን ማግኘት አቃተው፣ ሰማያዊ ሆነ። ምንም አልተበላሸም ነበር! ባዮስ ገብቶ ያቺን አንድ ምርጫ ወደ ኤኤችሲአይ መመለስ ብቻ ይበቃ ነበር፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ታዲያ ፎርማቱ ለምን ሠራ? ልጁ አዲሱን ዊንዶውስ የጫነው ሞዱ ሬይድ ላይ እያለ ስለሆነ ነው። ከዚያ በኋላ ባዮሱ ሺህ ጊዜ ቢረሳ የሚመለሰው ወደዚያው ሬይድ ስለሆነ ዊንዶውሱ አይደነግጥም። እኔም ልጁም ተፈወሰ አልን። ሰዓቱ ግን አሁንም እንቁጣጣሽ ነው፣ መብራት ሲመጣ ራሱ መነሳቱም አሁንም እምቢ ነው። ፎርማት ያደረገው ነገር ቢኖር ጩኸቱን ዝም ማሰኘት ነው።

የዳነው በአጋጣሚ ነው። አንድ የአምስት ኪሎ ተማሪ ጽሑፉ እስኪጠረዝ ቆሞ ስክሪኑን ሲያይ ቀኑን አየ። ሳቅ አለና «ይሄ ነገር የሚረሳው ሪስታርት ስታደርጊው ነው ወይስ ከሶኬት ስትነቅዪው?» አለኝ። እኔ እንጃ አልኩት። እውነቴን ነው፣ በሁለት ወር ውስጥ ለይቼው አላውቅም።

የዚያኑ ማታ ሞከርኩት። ባዮስ ገባሁ፣ ሰዓቱን አስተካከልኩ፣ «ልብራ» የሚለውን መረጥኩ፣ ሴቭ አድርጌ ወጣሁ። ሪስታርት አደረግኩና ተመልሼ አየሁ፤ ሁሉም እንዳለ አለ። ሹት ዳውን አድርጌ ዲቫይደሩን ሳልነካ አሥር ደቂቃ ቆይቼ አበራሁት፤ አለ። ከዚያ ዲቫይደሩን አጠፋሁ፣ ሻይ ጠጥቼ መጣሁ፣ አበራሁት። ጠፋ፤ 1/1/2012።

መልሱ እዚያው ነው። ሪስታርት አድርጋችሁ ከጠፋ፣ ሴቭ የማድረጉ ነገር ላይ ችግር አለ። ሪስታርት ሲደረግ ሳይጠፋ ከሶኬት ሲነቀል ከጠፋ ግን በአብዛኛው ባትሪ ነው።

ማዘርቦርዱ ላይ እንደ ሳንቲም ያለች ክብ ባትሪ አለች። የባዮስ ምርጫዎቻችሁን የሚይዘው ሲሞስ የሚባለው ትንሽ ማስታወሻና ሰዓቱ፣ ኮምፒውተሩ ከመብራት ሲለያይ የሚኖሩት በሷ ነው። በ1976 ዓ.ም. (በፈረንጅ 1984) ከወጣው የአይቢኤም ኤቲ ኮምፒውተር ጀምሮ ነገሩ እንዲህ ነው፣ ሰዓቱ በባትሪ ይጠበቃል። ግን ኮምፒውተሩ ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ፣ ጠፍቶም ቢሆን፣ ፓወር ሰፕላዩ ትንሽ ኮረንቲ እየሰጠ ባትሪዋን ያሳርፋታል። ሃያ አራት ሰዓት ሶኬት ላይ የሚውል ኮምፒውተር ባትሪዋ ሞታ እንኳ ወራት ሊቆይ ይችላል፣ ማንም ሳያውቅ። እኛ ደግሞ በየማታው ዲቫይደር እናጠፋለን፣ መብራቱም በራሱ ጊዜ ይሄዳል። ስለዚህ ባትሪዋ ቶሎ ታልቃለች፣ ስታልቅም ወዲያው ይታወቃል። ዲቫይደር አታጥፉ እያልኩ አይደለም፤ እኔ አሁንም አጠፋለሁ። ባትሪ ከፓወር ሰፕላይ በጣም ይረክሳል።

አዳዲስ ማዘርቦርዶች ላይ ትንሽ ይለያል። ብዙዎቹ ምርጫዎቹን ባትሪ በማያስፈልገው ቺፕ ላይ ይጽፉና ባትሪዋን ለሰዓቱ ብቻ ይጠቀሙባታል። እናንተ ጋ ሰዓቱ ብቻ እየጠፋ ሌላው ከቆየ ያው ባትሪዋ ናት።

ባትሪ ገዛሁ። መንገድ ላይ የስልክ ዕቃ ከሚሸጥ ልጅ ነው፣ ከሁለት ማኪያቶ በማይበልጥ ዋጋ። «የኮምፒውተር ናት?» ስለው «ያው ናት» አለኝ። ከሶኬት ነቀልኩ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ሰከንድ ተጭኜ የቀረውን ኮረንቲ አስወጣሁ፣ የሳጥኑን ብረት ነካ አድርጌ የሰውነቴን ኮረንቲ አራገፍኩ፣ ጎኑን ከፈትኩ። አሮጌዋን አወጣሁ፣ አዲሷን ጽሑፍ ያለበትን ፊቷን ወደ ላይ አድርጌ አስገባሁ። ትወዛወዛለች። ምናልባት እንዲህ ነው አልኩ። በማግስቱ እንቁጣጣሽ።

ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጣቸው ነው የነቃሁት። አሮጌዋ ላይ የተጻፈው ሲአር2032 ነው፣ አዲሷ ላይ ሲአር2025። ቁጥሩ ዝም ብሎ ስም አይደለም። 20 ማለት ስፋቷ 20 ሚሊ ሜትር ነው፤ 32 ማለት ውፍረቷ 3.2 ሚሊ ሜትር፣ 25 ደግሞ 2.5። ሁለቱም 3 ቮልት ናቸው፣ ስፋታቸውም አንድ ነው፣ ለዚህ ነው «ያው ናት» የሚሏችሁ። ግን ቀጭኗ በወፍራሟ ቤት ውስጥ 0.7 ሚሊ ሜትር ትጎድላለች፣ ያቺ ክፍተት ደግሞ ባትሪዋ ከሥር ካለው ብረት ጋር እንዳትነካካ ለማድረግ ትበቃለች።

እዚህ ላይ ቂል ሥራ ሠራሁ። ሌላ ባትሪ ፍለጋ መውጣት ሰነፍኩና የማስቲካ ብር ወረቀት አጣጥፌ ከሥር ጠቀጠቅኩበት። እናንተ እንዳታደርጉት። ወረቀቱ ሸርተት ብሎ ሁለቱን ጎን ቢያነካካ ባትሪዋ ትሞቃለች፣ ማዘርቦርዱም ላይ ምን እንደሚነካ አታውቁም። እኔ ጋ አልተቃጠለም፤ ግን ጉዳቱ ቆይቶ መጣ።

ከዚያ ትክክለኛዋን 2032 ገዛሁ፣ የታሸገች። አስገባኋት፣ ጥብቅ አለች። በማግስቱ ምን ጠበቀኝ? አዎ፣ እንቁጣጣሽ። ያን ቀን ኮምፒውተሩን በመስኮት መወርወር አምሮኝ ነበር፣ ፎቅ ላይ ስላልሆንን ተረፈ።

አዲሷም ፎርጅድ ናት ብዬ ደመደምኩ። ፒያሳ የማውቃቸው ሰዓት ሠሪ አሉ፤ አካባቢው ሲፈርስ ከድሮ ሱቃቸው ተነስተው አሁን አንድ ደረጃ ሥር ጠረጴዛ ዘርግተዋል። ባትሪዎቹን በወረቀት ጠቅልዬ በራስ መኮንን ድልድይ በኩል በእግሬ ወረድኩ።

«ጋሼ፣ እነዚህን ባትሪዎች ይዩልኝ።»

«የምን ሰዓት ናቸው?»

«የሰዓት አይደሉም፣ የኮምፒውተር ናቸው።»

«ሰዓት የሌለው ኮምፒውተር አለ እንዴ?» አሉና ቴስተራቸውን አወጡ። ቀዩን በሰፊው ፊት፣ ጥቁሩን በጀርባዋ። አሮጌዋ 1.4 ቮልት አነበበች። «ይቺስ አርፋለች።» አዲሷ 2032 3.1። «ይቺ ከኔ ትጠነክራለች። ባትሪዋ ደህና ናት የኔ ልጅ። ቤቷን አምጪልኝ።»

«ቤቷን?»

«የምትቀመጥበትን።»

በማግስቱ ሲፒዩውን በነጠላ ጠቅልዬ ከአራት ኪሎ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ረዳቱ ጉልበቴ ላይ ሲያየው «ለሱም ይከፈላል» አለ። ተከራከርኩ፣ ከፈልኩ።

ጋሼ ጎኑን ከፍተው መነፅራቸውን ዓይናቸው ላይ ተከሉ። መጀመሪያ ያዩት ባትሪዋን እንኳ አይደለም፤ አጠገቧ ያለች የሩዝ ፍሬ የምታህል ብርማ ቱቦ ነች። «ይቺ እኛ ጋ ያለችው ክሪስታል ናት» አሉ ደስ ብሏቸው። እውነታቸውን ነው። የእጅ ሰዓትም የኮምፒውተርም ክሪስታል በሰከንድ 32,768 ጊዜ ነው የሚንቀጠቀጠው፣ ሰዓቱ የሚቆጠረው በሷ ነው። ከዚያ ባትሪዋ ቤቷ ውስጥ እንዳለች ቀዩን በላይዋ፣ ጥቁሩን በሳጥኑ ብሎን ላይ አደረጉ። ዜሮ ነጥብ ምናምን። ባትሪዋን አውጥተው ለኳት፤ 3.1። መልሰው አስገቡ፤ ዜሮ።

«አየሽ? ባትሪዋ አለች፣ የሚነካት የለም።»

በመቆንጠጫ ከሥር ጫር ሲያደርጉ የማስቲካ ወረቀቴ ቁራጭ ወጣች። አፈርኩ። ከሷ ሥር የባትሪዋን ጀርባ የምትነካው የብረት ምላስ አለች፤ ተጣጥፋ ከወለሉ ጋር ተጣብቃለች፣ ጫፏ ላይ ደግሞ አረንጓዴ ዝገት ነገር ይዟታል። ወረቀቱን ስጠቀጥቅ ምላሷን ደፍጥጫት ኖሯል። ጋሼ በአሮጌ ጥርስ ብሩሽና በአልኮል ጠረጓት፣ እስኪደርቅ ጠበቁ፣ በመቆንጠጫ ቀስ አድርገው ቀና አደረጓት። ባትሪዋን አስገቡ። ቀዩን ላይዋ፣ ጥቁሩን ብሎኑ ላይ። 3.1።

ሱቅ ተመልሼ ባዮስ ውስጥ መጀመሪያ «ሎድ ዲፎልትስ» አደረግኩ፤ የተዘበራረቀውን ሁሉ ንፁህ ያደርግላችኋል። የሳታ ሞዱን አልነካሁም፤ አሁን ያለው ዊንዶውስ የተጫነው በሱ ስለሆነ። ቀንና ሰዓት ሞላሁ፣ ቡት የሚያደርገው (ዊንዶውስን የሚያስነሳው) ከኤስኤስዲው እንዲሆን አደረግኩ፣ «ልብራ» የሚለውን መረጥኩ፣ ሴቭ። ማታ ዲቫይደሩን አጥፍተን ሄድን። ጠዋት ልጅቷ ደወለችልኝ፤ «እቴዬ፣ ዲቫይደሩን ሳበራው ብቻውን ተነሳ፣ ልንካው?» አለች።

የናንተ ነገር ከኔ የተለየ ከሆነ፣ ማለትም ዲቫይደር ሳይጠፋ በሪስታርት ብቻ የሚጠፋ ከሆነ፣ ባትሪ ለመግዛት አትቸኩሉ። መጀመሪያ በእርግጥ ሴቭ አድርጋችኋል ወይ? ኤፍ10 ስትጫኑ የሚመጣው ጥያቄ ላይ «የስ» ካላላችሁ አይመዘገብም፤ አንዳንድ የቢሮ ኮምፒውተሮች ላይ ደግሞ ኤፍ10 ያንን ገጽ መቀበል ብቻ ነው፣ ከዚያ ፋይል የሚለው ውስጥ ገብታችሁ ለውጡን መዝግቦ መውጣት የሚለውን መምረጥ አለባችሁ። በኤስኬፕ ከወጣችሁ ሁሉም ቀረ። ምርጫዎቹ ደብዝዘው አልነካ ካሏችሁ የድሮው መሥሪያ ቤት የአስተዳዳሪ ፓስወርድ አስቀምጦበት ይሆናል፤ ያገለገለ ኮምፒውተር ላይ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፣ ከመግዛታችሁ በፊት ባዮስ ከፍታችሁ ማየት ነው። የቡት ተራው ብቻ እየተቀየረ ካስቸገራችሁ ደግሞ ጥፋተኛው ዊንዶውስ ሊሆን ይችላል፤ አዳዲሶቹ ላይ ራሱን እየመለሰ ከፊት ያሰልፋል።

ሌላው ጃምፐር ነው። ከባትሪዋ አካባቢ ሦስት ትንንሽ እሾኮች ላይ የተሰካች የፕላስቲክ ቆብ አለች፤ ባዮሱን ሆን ብሎ ለማስረሳት የምታገለግል። አንድ ሰው ፓስወርድ ለማጥፋት ከቦታዋ አንስቶ ወደ ሁለተኛው ጥንድ አዙሮ፣ ሳይመልስ ረስቷት ከሆነ አዲስ ባትሪም አያድናችሁም፤ አንዳንዱ ጭራሽ አይነሳም። የትኛው ጥንድ ትክክል እንደሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ወይም በመመሪያው ላይ ተጽፏል። ባትሪዋም ቤቷም ጃምፐሩም ደህና ሆኖ ካልሠራ ግን ከቤት ሥራ አልፏል፣ ማዘርቦርዱን ለሚያውቅ ሰው ስጡ።

ላፕቶፕ ላይ ባትሪዋ ብዙ ጊዜ በፕላስቲክ ተጠቅልላ በሽቦ የምትሰካ ናት፣ አንዳንዱ ላይ ጭራሽ ለብቻዋ የለችም፤ በጉልበት አትፈልፍሉ። ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ ቢትሎከር የበራበት ከሆነም ባዮሱ ሲረሳ ወይም ስትቀይሩት ረጅሙን የመክፈቻ ቁጥር ሊጠይቃችሁ ይችላል፣ ቀድማችሁ አውጥታችሁ ያዙት። አሮጌዋን ባትሪ ደግሞ ሕፃን ባለበት ጠረጴዛ ላይ አትተዉ። ከዋጣት በአጭር ሰዓት ውስጥ ጉሮሮውን ታቃጥላለች፣ ይሄ ቀልድ የለውም።

እኔ አሁን የባዮሱን ገጾች በሙሉ በስልኬ ፎቶ አንስቻለሁ፣ የሳታ ሞዱን ጨምሮ። በስልኬ ብቻ አላመንኩም፤ ዋና ዋናዎቹን በወረቀት ጽፌ በሳጥኑ ውስጥ በስኮች ለጥፌያለሁ፣ የሚቀጥለው ጠጋኝ ፎርማት ከማለቱ በፊት እንዲያያት። ባትሪዋ ላይም የገባችበትን በማርከር ጽፌባታለሁ፤ ጥር 2017። በኢትዮጵያ አቆጣጠር።